የተዋስኩት ካባ

ከስድስተኛው ፎቅ፣ ከሰባተኛው መሃል፣
ሊፍቱ ቀጥ ብሏል፤ ውስጡ ሰው ይጮኻል።
የሌሊት ልብሴ ላይ ቱታዬን ደርቤ
ደረጃውን ወጣሁ መፍቻዬን አንግቤ።
ኡላንባታር፣ ጥር ወር፤ አጥንት ይሰብራል ብርዱ፤
የከሰል ጭስ ለብሶ ተኝቷል መንገዱ።

በሩን ፈልቅቄ ባትሪዬን ባበራ፣
ጺማም ሰው ተቀምጧል፣ ባንገቱ ካሜራ።
ስቤ ሳወጣው ትንፋሹን ሰብስቦ
ጠየቀኝ፣ እንደ ልጅ ቃላት አቀራርቦ፦
«ከሩቅ አገር መጣሁ፤ እባክሽ ልጠይቅ፤
እውነተኛ የሞንጎል ሴት የት ነው የምትደበቅ?»

እኔ እፊቱ ቆሜ፣ ጣቴ ግሪስ ነክቶ፣
ስሜ ኦዩንቺሜግ፣ እትብቴ የወደቀ ከዚሁ ሲሚንቶ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገመድ ያጠበቅኩኝ፣
«እሷን ፈልጊልኝ» ሲለኝ አዳመጥኩኝ።

መልኳን ዘረዘረ፤ ጉንጯን ብርድ ያቀላው፣
ካባዋ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ በወርቅ ክር የተሞላው፤
ኮርቻ ላይ ተወልዳ፣ ኮርቻ ላይ አርጅታ፣
ለመብራት ክፍያ ወረፋ ያልያዘች ላንዳፍታ።

ልነግረው አሰብኩኝ፦ «ፈረስ እፈራለሁ፤
አንዱ ጥሎኝ ነበር፣ ሲበርድ አነክሳለሁ።
የፈረስ ወተቱም ሆዴን ይነፋዋል፤
ባሌ ባንክ ነው ሥራው፤ ልጄ ቼዝ ይጫወታል።»
ግን የልጄ ቦት ጫማ አፉን ከፍቶ ነበር፤
«አውቃታለሁ» አልኩት፤ «ግን ትፈልጋለች ብር።»

ቅዳሜ ረፋዱን ካባ ተበድሬ
(የዶልጎርሱረን ነው፣ የሠርጓ፤ ናፍታሊን ይሸታል እስከ ዛሬ)
ከከተማው ጠርዝ ላይ፣ ከማገዶ ተራ ጀርባ፣
በሰዓት የሚከራይ ፈረስ ይዤ ካሜራ ፊት ልገባ።

አላወቀኝም። እናቴ ትሙት፣ አላወቀኝም!
ከሊፍት የጎተተው እጅ ልጓም ሲይዝ አልታየውም።
«ያቺ ባለቱታዋ ናት የላከችሽ?» ብሎ በባለፈረሱ አፍ ጠየቀ፤
«አዎ፣ እህቴ ናት» አልኩ፤ ባለፈረሱ በሳቅ ወደቀ።

«አድማሱን እይልኝ» አለ፤ አየሁለት አድማሱን፤
ጭስ ማውጫውን፣ አውቶቡስ ማዞሪያውን፣ የልጄን ትምህርት ቤት ራሱን።
ካሜራው ግን ብልህ ነው፤ ከወገብ በላይ ቆርጦ
ሰማይ ብቻ አስቀረ፣ ከተማዬን ውጦ።
ፈረሱ ሲያነጥስ ጉልበቴ ተብረከረከ፤
«እንዴት ያለ ግርማ!» እያለ፣ እያነሳ ተንበረከከ።

እኔስ ብሆን? ልናዘዝ። ፈረንጅ ሁሉ ሀብታም፣
ወረፋ የማያውቅ፣ ነገን የማይፈራም
ይመስለኝ ነበር። ዮሪስ ብሩን ሊሰጠኝ ጎንበስ ብሎ
ከካልሲው ሲያወጣ አየሁት፣ አንድ ባንድ ነጥሎ፤
የጫማው ሶል በፕላስተር ታስሮ፤
ሌሊት ዳቦ ቤት ሠርቶ፣ ለዚህ መንገድ ስድስት ዓመት ቋጥሮ።

«አገርህ ሊፍት ይበላሻል?» አልኩት፣ እንዲሁ ለወሬ።
ዝም አለ። «እናቴ ዘጠነኛ ፎቅ ናት። ከቆመ ሁለት ዓመቱ፤ እስከ ዛሬ
ገበያ አልወረደችም።»

እኔም ረስቼው ካባውን፣ ረስቼው ፈረሱን፣
«ሊቆም ሲል ይንገጫገጫል? ይሸታል? እስቲ ድምፁን
ባፍህ አሰማኝ» አልኩት።
አሰማኝ፦ ጥግ፣ ጥግ፣ ግርርር።
«ብሬኩ ነው» አልኩ፤ «ሽቦው ተቃጥሏል፤ ይቀየር።»

ያኔ ካሜራውን አወረደ። ጣቴን አየ፣
ጥፍሬ ሥር ያለውን ግሪስ፤ ፊቴን ያኔ ለየ።
ምንም አላለኝም። እኔም ምንም አላልኩ።
ባለፈረሱ ሄደ፤ ካባውን አጥፌ ለዶልጎርሱረን መለስኩ።

በዓመቱ በፖስታ ካሌንደር ደረሰኝ፤
መጋቢትን ስገልጥ ያቺ ሴት አፍጥጣ አየችኝ።
ከሥሯ ተጽፏል፦ «የሜዳው ልጅ፤ ከፈረሷ በቀር ዘመድ የላት።»
ባሌ ስንት ቀን ሳቀ፤ ልጄ ግን ከፋው፤ «እኔስ?» አላት።

ከሊፍቱ ሞተር ክፍል፣ ከዘይት ጣሳው በላይ
ሰቀልኳት። ወሯ አልቆ ስገለብጣት፣ ጀርባዋን ሳይ፣
በእስክሪብቶ፣ በተወላገደ ፊደል፣ ሁለት ቃል ብቻ፦
«ብሬኩ ነበር።»